በአሥር ሰዓት ያልመጣው ፊልም

የዲሽ ሠሪው የባምላኩ ሬሳ የተገኘው ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮው ግድግዳና በአቶ ገነነ የድንጋይ አጥር መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። በጀርባው ተንጋልሏል። የእንጨት መሰላል ደረቱ ላይ ወድቋል። ከላይ፣ ከጣራው ጫፍ፣ በገዛ እጁ የተከለው ነጭ ዲሽ አፉን ወደ ምዕራብ ከፍቶ ቆሟል፤ ምንም እንዳላየ።

ቀኑ ጥቅምት 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር፤ እሁድም ነው፣ ማርያምም ናት። ቡሬ በርበሬዋን በየደጁ አስጥታ ቀልታለች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጩኸት ተሰማ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ፍርዱ ተሰጥቶ አለቀ።

«ገዳይዋ ያምሮት ናት!» አለ ሕዝቡ።

ምክንያት አላጣም። የሃያ ሦስት ዓመቷ ያምሮት ቪዲዮ ቤቱን የከፈተችው ባለፈው ሚያዝያ ነው። እሁድ እሁድ በአሥር ሰዓት አንድ የእንግሊዞች የሳተላይት ጣቢያ የሚያስተላልፈውን የቆየ ተከታታይ ፊልም ታሳያለች። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ፀሐያቸው የጠፋችባቸው ሰዎች በአንዲት መርከብ ተጭነው ከኮከብ ወደ ኮከብ ሌላ ፀሐይ ሲፈልጉ ያሳያል። መርከቧ ከካርቶን እንደተሠራች ያስታውቃል። ያምሮት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ እንግሊዝኛውን እግር በእግር ወደ አማርኛ ስትመልሰው ግን ካርቶኑ ይረሳል። ተማሪው፣ ባለሱቁ፣ ገበያ መጥቶ ያደረው ገበሬ ሳይቀር አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይሰማታል።

የኳስ ወዳጆች ግን ጥርስ ነክሰውባታል። ዲሹ አንድ ነው፤ የኳሱ ጣቢያ ደግሞ በሌላ ሳተላይት ላይ ነው። ዲሹን የማዞር ጥበብ ያለው ባምላኩ ነው። «ለአንድ ሰዓት እንኳ አዙሪልን» ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «የቀረው ሰዓት ሁሉ የናንተ ይሁን፤ እሁድ አሥር ሰዓት የኔ ነው።»

በዚያ እሁድ አሥር ሰዓት ሞላ፤ ፊልሙ አልመጣም። በቦታው አንዲት ፈረንጅ አሮጊት አበባ ስትኮተኩት ታየች። ተመልካቹ አፏጨ። ያምሮት ፊቷ ተለዋወጠና «ይኼ ባምላኩ ለኳሰኞቹ ነካክቶብኝ ነው! ዛሬ ሳልገድለው አልቀርም!» ብላ ወጣች። ከሩብ ሰዓት በኋላ «አጣሁት» እያለች ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ተመልካች ለሽንት ወደ ጓሮ ሲወጣ ሬሳውን አገኘ።

ማታውን ያምሮት ታሠረች።

*

ሰኞ ጧት ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም መጣች። አርባን የተሻገረች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሰው ሲናገር ጣልቃ አትገባም፤ ተናጋሪው ሲጨርስ ግን እሱ የዘለላትን አንዷን ነገር ታነሣበታለች።

ጉዳዩን የያዘው ሳጅን ዘሩ በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀበላት።

«ለዚህ እንኳ ባልደከሙ ነበር ኢንስፔክተር። ያለቀ ነገር ነው። እገድለዋለሁ ብላ ወጣች፤ ሞቶ ተገኘ። ስድሳ ሰው ሰምቷታል።»

«ስትገድለውስ ስንት ሰው አይቷታል?»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱን እንኳ... ያየ የለም።»

«እንግዲያማ አላለቀም።»

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሬሳውን አየች። ሐኪሙ ቁስሉን አሳያት፤ አንድ ነው፣ ከግንባር ከፍ ብሎ፣ ክብና ከባድ ነገር ያረፈበት። ማጅራቱ ደህና ነው። ከዚያ ጫማዎቹን አንሥታ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው። የሁለቱም ተረከዝ ከኋላ ተፍቋል። በተረከዙና በሶሉ መካከል ቢጫ ፍሬዎች ተሰክተዋል።

«የበርበሬ ፍሬ ነው» አለ ሳጅን ዘሩ፤ «በዚህ ወር ቡሬ ውስጥ በርበሬ ያልረገጠ ማን አለ?»

«መርገጡንስ ሁሉም ይረግጣል። በተረከዙ ጀርባ የሚረግጥ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።»

ቀጥላ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄደች። መተላለፊያዋ ጭቃና ጠጠር ናት፤ በርበሬ የለባትም። ሀብትነሽ መሰላሉን አስደግፋ መውጣት ስትጀምር ሳጅኑ ደነገጠ።

«ኧረ ይወድቃሉ!»

«ከወደቅሁ በግንባሬ ይሁን በማጅራቴ ልብ ብለህ እይልኝ።»

ጣራው ላይ ሆና ዲሹን ሳትነካ አየችው። ከዲሹ ክንድ እስከ ምሰሶው ሸረሪት ድሯን አድርታለች፤ ድሩ አቧራ ጠጥቷል፤ አንድ ክር አልተበጠሰም። ዲሹን ለመንካት እጁን የሰደደ ሰው ካለ ያን ድር ሳይበጥስ አይችልም ነበር።

ቀና ስትል ግማሹ ቡሬ ከፊቷ ተዘርግቷል። በመንገድ የማይታየው ጓሮ ሁሉ ከዚያ ይታያል፤ የማን ሚስት የማንን ሸሚዝ እንደምታጥብ፣ ማን ዶሮ እንደሚያርድ። ከሁሉም የቀረበው የአቶ ገነነ ጓሮ ነው፤ አጥሩ ወደ መተላለፊያዋ የሚያወጣ ትንሽ በር አለው። ስጡ ላይ በርበሬው እንደ ደም ተዘርግቷል። ጥግ ላይ ከረጅም አገልግሎት የጠቆረ ሙቀጫ ቆሟል፤ ዘነዘናው ግን ገና ከጠራቢ የወጣ ነጭ እንጨት ነው። ከወፍጮ ክፍሉ ጀርባ የተሰባበረ ቀይ ሸክላ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቆልሏል። ግንብ የሚሠራ ሰው ግን የለም።

«ምን ይታያል?» አለ ሳጅኑ ከታች።

«ዲሽ ሠሪ ሲያየው የኖረውን ነው የማየው» አለችው።

*

ያምሮት ከእስር ክፍሉ ስትወጣ ራሷን አላቀረቀረችም።

«ገደልሽው?»

«አልገደልሁም።»

«እገድለዋለሁ ብለሻል።»

«ብያለሁ። ለእናቴ ዶሮም በየሳምንቱ እላታለሁ፤ እስካሁን እንቁላል ትጥላለች።»

ሳጅን ዘሩ ተቆጣ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሞቷል! ጥፋትሽን አምነሽ ይቅርታ ብትጠይቂ ይቀልልሻል ብዬ መክሬሽ ነበር።»

«መክረውኛል ሳጅን። ያልሠራሁትን በየትኛው እጄ ልፈርም? ቀኙ የኔ ነው፣ ግራውም የኔ ነው።»

ሀብትነሽ ፈገግታዋን ዋጠች። «ፊልሙ ሲቀር የአበባ ሴትዮ መጣች አሉ። ምስሏ ጥርት ያለ ነበር?»

«ጥርት ያለ።» ያምሮት ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወይኔ! ዲሹ ቢነካማ ሴትዮዋም ከነአበባዋ ትጠፋ ነበር! ሳላስብ በንዴት ነው የወጣሁት። እውነት ነው፣ ባምላኩን በሐሰት ጠርጥሬዋለሁ። እሱን ነፍሱን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሌላ ማንንም አልጠይቅም።»

«ወጥተሽ ወዴት ሄድሽ?»

«ባጃጅ ተራው ጋ። ክንዱን ፍለጋ። የኳሰኞቹ አለቃ እሱ ነው፤ ባምላኩም ከሱ አይርቅም ብዬ። አልነበረም፤ ተመለስሁ። መተላለፊያዋን አላየኋትም፤ ያየኝም ሰው የለም። የሚያስር ነገር ከሆነ ይኸው አለሁ። ግን ይቺን ይስሙኝ፤ ይሄ ቤት የሰይጣን ፊልም ቤት እየተባለ ሰባት ወር ሰድበውኛል። ዛሬ ደግሞ የገዳይ ቤት ሊባል ነው። በቁሜ ሳለሁ ይሄን ስም አልቀበልም።»

ሳጅኑ ሀብትነሽን ወደ ጎን ጠራት። «የጊዜ ቀጠሮዋ እስከ መጪው ሰኞ ነው። ሌላ ካልተገኘ ክሱ በሷ ላይ ይሄዳል፤ ቤቱም ይታሸጋል።»

«አንድ ሳምንት አለን ማለት ነው» አለች።

*

የባምላኩ ሚስት ወይኒቱ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሀብትነሽ አጠገቧ ቁጭ ብላ አብራት ቆየች፤ ጥያቄዋን ያወጣችው ሰዉ ሲቀንስ ነው።

«ባለቤትሽ እሁድ ለሥራ ነው የወጣው?»

«በማርያም? በሰንበት? ምን ቢቸግረው! የሥራ ቦርሳው ይኸው አልጋ ሥር። ጋቢውን ለብሶ፣ አሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጣ። ከሠርክ ጸሎት በኋላ የማርያም ማኅበር አለ፤ እዚያ ነበር የሚሄደው።»

«ቀደም ብሎ ለምን ወጣ?»

«አንድ ሰው ቤት ጎራ እላለሁ ብሎኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። "አስቀድሜ ለብቻው ልንገረው፤ እንቢ ካለኝ ማኅበሩ ፊት ሳልናገር አልውልም" አለ። ነገር በሆዱ ማሳደር አይወድም፤ ምንድን ነው ብለው "የሰው ሆድ የሚያቆስል ነገር ነው" ብቻ አለኝ።»

ክንዱ የሃያ ስድስት ዓመት ባጃጅ ነጂ ነው። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኔ ኳስ እወዳለሁ፣ ሰው አልገድልም። በአሥር ሰዓት ሦስት ዲያቆናት ጭኜ በሽንዲ መንገድ ነበርሁ። ጠይቋቸው፤ ዲያቆን ይዋሻል እንዴ?»

«እንደ ዲያቆኑ ነው» አለች ሀብትነሽ። «ጩኸቱ ሲሰማስ?»

«ስመለስ ነው የደረስሁበት። ሬሳውን የምናነሣበት አልጋ ጠፋ። ሮጬ የጋሼ ገነነን በር ደበደብሁ። ወዲያው ወጡልኝ። ምስኪን! ዓይናቸው ደም መስሏል፣ እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። ጋቢያቸው ራሰ ነው የምልዎ። እስከ ማታ ሲያለቅሱ ነበር፤ እንደሳቸው ያለቀሰ የለም።»

«ሬሳውን ካዩ በኋላ ነው ያለቀሱት?»

«ኧረ በሩን ሲከፍቱልኝ ጀምሮ...» ክንዱ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ከዚያ ግን ትከሻውን ነቀነቀ። «ያው ጩኸቱን ሰምተው ይሆናላ።»

አቶ ገነነ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ የማርያም ማኅበሩ ሙሴም እሳቸው ናቸው፤ ማለት የማኅበርተኛው መሪ፣ የተጣላ አስታራቂ። ኢንስፔክተሯን ከሳሎናቸው ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጧት። በሰፈሩ ከያምሮት ሌላ ዲሽ ያለው እሳቸው ቤት ነው።

«ልጄ፣ ምን እነግርሻለሁ» አሉ። «ሴቶቹ ለማኅበሩ ሥራ ሄደው ብቻዬን ነበርሁ። ያንን የመርከብ ፊልም እዚህ ቁጭ ብዬ ሳይ ነበር።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ምን ይጠየቃል? እንደ ወትሮው በአሥር ሰዓት ጀመረ። ባለፈው መርከቧ በረዶ ውስጥ ተይዛ ነበር የቀረው። ሴትዮዋ አዛዥ በረዶውን ሰብራ ስትወጣ እያየሁ፣ ክንዱ በሩን ደበደበ።»

«እዚህ ደህና ሲመጣ፣ ያምሮት ቤት ቀረ?»

«እንግዲያስ! የሷን ዲሽ ሟቹ ነካክቶት ነዋ። ለኳሰኞቹ ብሎ። እሷም ግልፍተኛ ናት፤ መሰላሉን ገፋችው። ልጅነት ነው፣ እግዜር ይማራት።»

«ጩኸት አልሰሙም ነበር?»

«ምንም። ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጌው። ክንዱ እስኪነግረኝ ድረስ ምንም አላወቅሁም።»

«አመሰግናለሁ» አለች ሀብትነሽ። ስትወጣ ጓሮው በኩል አለፈችና ነጩን ዘነዘና በእጇ መዘነችው። «የሚያምር እንጨት ነው። አሮጌው ምን ሆነ?»

«ነቀዘ» አሉ አቶ ገነነ።

በማግስቱ ከሳቸው ሱቅ አንድ ጣሳ የተፈጨ በርበሬ በሰው አስገዛች።

*

ሀብትነሽን እንቅልፍ የነሣት ግን ዘነዘናው አልነበረም። ዲሹን ማንም አልነካውም። ታዲያ ፊልሙ ለምን ቀረ? አንድ ጣቢያ ለአንዱ ቤት ልኮ ለአንዱ አይከለክልም። ከሁለቱ ቤቶች አንዱ ይዋሻል፤ በያምሮት ቤት ደግሞ ስድሳ ሰው ነበር።

መልሱን የሰጧት እማማ አደይ ናቸው። የሰባ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆሎ ይሸጣሉ።

«እርስዎስ ጩኸቱ ሲሰማ ወዴት ሮጡ?» አለቻቸው።

«በየትኛው እግሬ ልሩጥ ልጄ? ሁሉም ጥሎኝ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ለብቻው ይለፈልፋል፤ እኔ ለብቻዬ እጸልያለሁ። ኋላማ የመርከቢቱ ዘፈን ጀመረ። "አይ አንተ ቴሌቪዥን፣ ሰው ሞቶ ትዘፍናለህ?" ብዬ ተቆጣሁት።»

ሀብትነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። «የመርከቢቱ ዘፈን? የፊልሙ መጀመሪያ?»

«አዎ፣ ዱም ዱም የሚለው።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«እኔ ሰዓት የለኝም። የማርያም ደወል ለሠርክ ሲደወል፣ እኩል። ደወሉ ከዚያ፣ ዘፈኑ ከዚህ፤ በየትኛው እንደማማትብ ጠፍቶኝ።»

የሠርክ ደወል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ኢንስፔክተሯ በዚያው እግሯ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባችና የጂኦግራፊ መምህሩን ገብረሰንበትን ጠየቀችው። መምህሩ ሳቀ።

«ባለፈው እሁድ? የፈረንጆቹ የጥቅምት መጨረሻ እሁድ ነዋ። እንግሊዞች በዚያ ቀን ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል።»

«ሰዓት እንዴት ይመለሳል?»

«እጃቸውን ሰድደው ነዋ! በጋቸው ሲያልቅ ቀኑ ያጥርባቸዋል፤ ስለዚህ ያዞሩታል። በመጋቢት መልሰው ያስቀድሙታል። ጣቢያው የሚሄደው በነሱ ሰዓት ስለሆነ፣ ለኛ በአሥር ይመጣ የነበረው ከዚያን ቀን ጀምሮ በአሥራ አንድ ይሆናል። የኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ስለሚውል እንዲህ ያለ ነገር በማንም ሐሳብ አይመጣም።»

*

እሁድ ጥቅምት 28 ቀን፣ አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሀብትነሽ ሁሉንም ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። አቶ ገነነ ከፊተኛው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ወይኒቱ፣ ክንዱ፣ እማማ አደይ፣ መምህር ገብረሰንበት ተከተሉ። ያምሮትን ሁለት ፖሊሶች አመጧት፤ እጇ በካቴና ነው። የሰፈሩ ሰው በሩንና መስኮቱን ሞላው። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ።

«አቶ ገነነ፣ ፊልሙ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

«በአሥር ነዋ።»

«ባለፈው እሁድስ?»

«በአሥር። አንድ ጊዜ ነግሬሻለሁ።»

«እንጠብቅ።»

አሥር ሰዓት ሞላ። የአበባዋ አሮጊት በስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ ጽጌረዳ መግረዝ ጀመረች። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው «ደግሞ ይቺ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«ዛሬ ዲሹን ማን ነካው?» አለች ሀብትነሽ። «ባምላኩ እንደሆነ የለም። ማንም አልነካውም። ባለፈው እሁድም ማንም አልነካውም። ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች፤ ወጥቼ አይቻለሁ።» ከዚያ መምህሩ ስለ እንግሊዞች ሰዓት እንዲያስረዳ አደረገች።

«እንዴ!» አሉ እማማ አደይ፤ «ሰዓትን እንደ ቀሚስ ያሳጥሩታል?»

ሳቅ ሆነ። ያልሳቁት አቶ ገነነና ያምሮት ናቸው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ባለፈው እሁድ ፊልሙ የጀመረው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ እማማ አደይ ከሠርክ ደወል ጋር ሰምተውታል። ሬሳው ከተገኘ ግማሽ ሰዓት በኋላ ማለት ነው። አቶ ገነነ ግን ከአሥር ሰዓት ጀምረው እያዩት ነበር። ገና ያልመጣ ፊልም እንዴት ታየ?»

«ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል» አሉ አቶ ገነነ። «ሽማግሌ ነኝ።»

«ሰዓት መሳሳት ይቻላል። ግን ክንዱ በርዎን ሲደበድብ እያዩት ነበር ብለውኛል፤ ክንዱ የደበደበው ፊልሙ ሳይጀምር ነው። ቤትዎ ነበሩ፤ ፊልም ግን አያዩም ነበር። ምን ያደርጉ ነበር?»

ሀብትነሽ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ከጣራ የወደቀ ነው ተባለ። በጀርባው ተንጋሎ የወደቀ ሰው ማጅራቱ ይፈነከታል፤ ባምላኩ የተፈነከተው ከግንባሩ በላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ በቆመ ሰው። የሥራ ቦርሳው ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ሊሠራ አልመጣም። ተረከዙ ተፍቋል፣ የበርበሬ ፍሬ ተሰክቶበታል፤ መተላለፊያዋ ግን በርበሬ የለባትም። የሞተው ሌላ ቦታ ነው። በብብቱ ተይዞ በስጥ ላይ ተጎትቶ ነው እዚያ የተጣለው፤ መሰላሉም ኋላ ነው የተጫነበት። ከዚያች መተላለፊያ ጋር በጓሮ በር የሚገናኝ የበርበሬ ስጥ ያለው አንድ ቤት ነው።»

«በቡሬ ሁሉም ቤት በርበሬ አለ!» አሉ አቶ ገነነ።

«አለ። ለዚህም ነው ይህን የሚያውቅ ሕዝብ የምጠይቀው። ደረቅ በርበሬ ላይ ሬሳ የጎተተ ሰው ላብ ሲያስቸግረው ፊቱን በእጁ ቢጠርግ ምን ይሆናል?»

«ዓይኑ ይጠፋል!» አለች አንዲት ሴት ከበሩ።

«ክንዱ፣ አቶ ገነነ በር ሲከፍቱልህ ምን አየህ?»

ክንዱ ብድግ አለ። «እንባቸው ይወርድ ነበር። ስለ ሞቱ ገና ሳልነግራቸው።»

«እሳቸው ደግሞ እስክትነግራቸው ምንም አልሰማሁም ብለዋል። ያላዩትን ሬሳ አስቀድመው አለቀሱት። ከተማው ሁሉ ደግነታቸውን ያደነቀበት እንባ የበርበሬ እንባ ነው።»

ወይኒቱ ቀስ ብላ ተነሣች። «ጋሼ ገነነ» አለች፤ «በለቅሶዬ ድንኳን ውስጥ አቅፈውኛል።»

ሀብትነሽ «ከአቶ ገነነ ሱቅ የተገዛ ነው» ብላ ከቦርሳዋ የበርበሬ ከረጢት አወጣች፤ በብርጭቆ ውኃ ላይ በማንኪያ በተነችው። ሰዉ ተጠጋ። በርበሬው ከላይ ተንሳፈፈ፤ ከብርጭቆው ሥር ግን ከባድ ቀይ ደለል ቀስ እያለ ተቀመጠ። ጣቷን ሰድዳ ቆነጠረችና በጥርሷ ነከሰችው፤ ተንቋቋ።

«ሸክላ ነው። ዲሽ ሠሪ ጣራ ላይ ነው ውሎው፤ ባምላኩ ሸክላው ከበርበሬው ጋር ሲፈጭ አየ። ከማጋለጡ በፊት ለብቻቸው ሊነግራቸው ሄደ። "ራስዎ ይናዘዙ፤ እንቢ ካሉ ዛሬ ማኅበሩ ላይ እናገራለሁ" አላቸው። የማኅበሩ ሙሴ በማኅበርተኛቸው ፊት ሊዋረዱ ሆነ። ዘነዘናው ቅርብ ነበር። ዛሬ በዚያ ጥቁር ሙቀጫ ውስጥ የቆመው ዘነዘና አዲስ ነው። አቶ ገነነ፣ ጠራቢውን አግኝቼዋለሁ፤ የሸጠልዎ እሁድ ማታ፣ ቤቱ ድረስ ሄደው በሰንበት አስነሥተውት ነው። የነቀዘ ዘነዘና ሰኞን መጠበቅ አያቅተውም ነበር።»

አቶ ገነነ ሕዝቡን አዩ። የሚያውቋቸው ፊቶች ሁሉ ነበሩ፤ አንዱም አልራራላቸውም።

«አንድ ቃል ብቻ ነበር የለመንሁት» አሉ በመጨረሻ። «ዝም በል ብቻ ነው ያልሁት። "እናቴም ከርስዎ ነው በርበሬ የምትገዛ" አለኝ። ልጅ እግር ሠራተኛ፣ የኔን ስም... ሠላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም...»

«በሸክላ ነዋ የገነቡት!» አለ አንድ ሰው ከመስኮቱ።

ሳጅን ዘሩ ካቴናውን ከያምሮት እጅ ፈትቶ በአቶ ገነነ እጅ ላይ አሠረው። አዛውንቱን በሰዉ መሐል ሲያሳልፏቸው ማንም አልጮኸም። ወይኒቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከስምንት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እማማ አደይ ወስደው አቀፏት።

ሳጅን ዘሩ ቆይቶ አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ያምሮት የእጅ አንጓዋን እያሸች ቆማለች።

«ይኸው መፈቻሽ። እዚች ላይ ፈርሚና ሂጂ።»

ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «"በፈጠርሁት ብጥብጥ ተጸጽቼ፣ ለወደፊቱ እንዲህ ዓይነት ፊልም ላለማሳየት ተስማምቼ" ይላል።»

«የወጉ ነው። ለሰላም ሲባል ነው።»

«አልፈርምም።»

«ያምሮት! ነገር አታክርሪ። ካልፈረምሽ መልሼ ላስገባሽ እችላለሁ።»

«እገባለሁ» አለች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለትና በሰዉ መሐል አልፋ፣ አቶ ገነነን አድርሶ የተመለሰው የፖሊስ መኪና ላይ በራሷ እግር ወጥታ ተቀመጠች። «ስታስገቡኝ ስድሳ ሰው እያየ ነው። ስወጣ ተጸጽቼ ከሆነ፣ ነገ ገበያ ላይ "ያ ነገር ውስጥ እጇ ነበረበት" ይባላል። ያስገቡኝ።»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ አየ። ሀብትነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ አልረዳችውም።

«ምን ተብሎ ይጻፍልሽ ታዲያ?» አለ ሳጅን ዘሩ፣ ላቡን እየጠረገ።

«የሆነው። ያለ ጥፋቷ ታሠረች፣ ንጹሕ ናት፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። ከሥሩም የርስዎ ስም።»

«የኔ ስም?»

«ያሠሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

ክንዱ ከባጃጁ ውስጥ እስክሪብቶ አምጥቶ ለሳጅኑ አቀበለው። «ይጻፉላት እንጂ ሳጅን» አለ። «ኳሱን ትተን ፊልሙን እየጠበቅን ነው።»

ሳጅን ዘሩ ወረቀቱን ገለበጠው፤ በመኪናው ቦኔት ላይ አድርጎ በጀርባው ጻፈ። ሁለት ጊዜ ሰረዘ። ሲጨርስ ፈረመበትና እጁን ዘረጋላት። ያምሮት አልተቀበለችውም።

«ጮክ ብለው ያንብቡት» አለችው፤ «ከመስኮቱ ጀርባ ያሉትም ይስሙ።»

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ።